ጣሪያ ላይ የተሰቀለ ፈረስ፦ የሪቮሊ ቤተ መንግሥትና የእኛዎቹ

ወይራ፦
ሰላም ለሁላችሁ። ጣልያን የምትኖሩ ታውቁት ይሆናል፤ ለሌሎቻችሁ ላስተዋውቃችሁ። ከቶሪኖ በስተምዕራብ 15 ኪሎ ሜትር ያህል ወጣ ብላ ሪቮሊ የምትባል ከተማ አለች። ከኮረብታው አናት ላይ የሳቮያ ነገሥታት ቤተ መንግሥት አለ፤ ከ1984 ጀምሮ ደግሞ የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም ነው። (በፈረንጅ አቆጣጠር እጽፋለሁ፤ የእኛ ሲሆን ዓ.ም. እላለሁ።)

ቤተ መንግሥት ሲባል የጠበቅሁት የለመድነውን ነበር፦ ዙፋን፣ ካባ፣ የብር ሳህን፣ «ንጉሡ እዚች አልጋ ላይ ነበር የሚተኙት» የሚል አስጎብኚ። ሪቮሊ ውስጥ ዙፋን የለም። አልጋም የለም። ጣሪያው ላይ የ18ኛው ክፍለ ዘመን ሥዕልና ጌጥ እንዳለ ቀርቷል፤ ከሥሩ ግን ፈጽሞ የማይገናኝ ነገር ታገኛላችሁ። አንደኛው ክፍል ውስጥ እውነተኛ ፈረስ፣ ቆዳው ተገፎ ተሞልቶ የተሰፋ፣ ሆዱ ላይ በቆዳ ማሰሪያ ታስሮ ከጣሪያው ተንጠልጥሏል። እግሮቹ ከልካቸው በላይ ረዝመው ወደ ወለሉ ይወርዳሉ፤ ወለሉ ጋ ግን አይደርሱም። አንገቱን ደፍቷል። የማውሪትሲዮ ካቴላን ሥራ ነው፣ 1997፣ ስሙ «ኖቬቼንቶ»። ሌላ ቦታ ነጭ ግድግዳ መሃል ባየው ኖሮ «ፈረንጅ ሥራ ፈትቷል» ብዬ አልፈው ነበር። ነገሥታት በፈረስ ተቀምጠው ሐውልት በሚያሠሩበት አገር፣ ያውም በንጉሥ ቤት፣ ፈረሱ ብቻውን ተሰቅሎ ሲታይ ግን ሌላ ነው።

ቤቱ ደግሞ ታሪክ አላጣም። ዳግማዊ ቪቶሪዮ አሜዴዎ የሚባለው ንጉሥ በ1730 ዙፋኑን ለልጁ ያስረከበው እዚሁ ነው። በዓመቱ ተጸጽቶ «መልስልኝ» ቢለው ልጁ አስያዘውና እዚያው ሪቮሊ አሰረው። በ1732 ሞተ። እንዲህ ያለ ታሪክ የእኛ ቤተ መንግሥት ውስጥ ቢገኝ በየክፍሉ ሰሌዳ ይለጠፍ ነበር። እዚያ ግን ታሪኩ ጎብኚውን አፍኖ አይዝም፤ ሥዕሉን እያየህ ታሪኩ ከጀርባህ ይመጣል።

ጥያቄዬ ይህ ነው፦ የእኛ ቤተ መንግሥቶች አንድ በአንድ ለሕዝብ እየተከፈቱ ነው። አንድነት ፓርክ በ2012 ዓ.ም. ተከፈተ፤ የኢዮቤልዩው ቤተ መንግሥትም እድሳቱ ታኅሣሥ 2017 ዓ.ም. የፈረንሳዩ ፕሬዚዳንት ባሉበት ተመረቀ። ሁለቱም የሚያሳዩት ያው የነገሥታቱን ዕቃ ነው። ለምን አንዱን፣ ወይም የአንዱን ግማሽ፣ ለዛሬ ሠዓሊ አንሰጥም? የአገራችን ዘመናዊ ሥዕል በየማከማቻው ተጠቅልሎ ተቀምጧልና።

ዘበኛው፦
ፈረስ ጣሪያ ላይ?! እኛ አገር ቢሆን የመጀመሪያው ጥያቄ «የማን ፈረስ ነው?» ነበር። አባ ዳኘው ነው ቢሉ አንዱ ይቆጣል፣ አባ ጠቅል ነው ቢሉ ሌላው ይቆጣል፣ የማንም አይደለም ቢሉ ደግሞ «ታዲያ ምን ሊሠራ ተሰቀለ?» ተብሎ ኮሚቴ ይቋቋማል።

የቁም ነገር ጥያቄ፦ መግቢያው ስንት ነው? ሠርቶ አደር ያየዋል ወይስ የቱሪስት ነው?

ወይራ፦
@ዘበኛው ትኬት አለው፤ እንደ ሁሉም የጣልያን ሙዚየም። ግን ቅዳሜና እሁድ ሰዉ ልጆቹን ይዞ ይመጣል። ሙዚየሙ ለልጆች የራሱ የትምህርት ክፍል አለው፤ መሬት ላይ ተቀምጠው ቀለም ሲቀቡ ታያለህ። የሠራተኛ ልብስ የለበሱ ሰዎችም አይቻለሁ፤ ጥገና ላይ የነበሩ ሊሆኑ ይችላሉ እንጂ አልከራከርህም።

የድሮ ሰው፦
ልጄ፣ ጽሑፍሽ ጥሩ ነው። «የሳቮያ ነገሥታት» ብለሽ እንደ ዋዛ ያለፍሽው ግን አላሳለፈኝም።

ይህ ቤት የማን ቤት እንደሆነ እዚህ የሚያነቡ ወጣቶች ይወቁ። ከዚያ ዘር የወጣው ሣልሳዊ ቪቶሪዮ ኤማኑኤሌ ነው ግንቦት 1928 ዓ.ም. «የኢትዮጵያ ንጉሠ ነገሥት» ተብሎ የታወጀው። በቀጣዩ ዓመት የልጁ ሚስት ወንድ ልጅ ወለደች፣ የናፖሊ ልዑል የሚባለውን። ግራዚያኒ ለዚያ ሕፃን ልደት ደስታ ብሎ የአዲስ አበባን ድሃ ሰብስቦ ገንዘብ ሊመጸውት ወጣ። የት? ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት ግቢ፣ ስድስት ኪሎ። ቀኑ የካቲት 12 ቀን 1929 ዓ.ም. ነበር። አብርሃ ደቦጭና ሞገስ አስገዶም ቦምቡን የወረወሩት እዚያ ነው። ከዚያ በኋላ በሦስት ቀን ውስጥ ከተማዪቱ ላይ የወረደውን መከራ አባቶቻችን ነግረውናል።

ስለዚህ በሳቮያ ቤት ጣሪያ ላይ ፈረስ ቢሰቀል እኔን ምኔም አያመኝ። እንኳን ፈረስ ሌላም ይሰቀልበት። የእኛ ቤተ መንግሥቶች ግን ገና ያላለቀሱት አሉባቸው። ታኅሣሥ 1953 ዓ.ም. መኳንንቱና ሚኒስትሮቹ የተረሸኑበት አረንጓዴ ሳሎን እዚያው ገነተ ልዑል ነው። ጃንሆይ ራሳቸው በ1967 ዓ.ም. ያረፉት በምኒልክ ግቢ፣ በእስር ነው። እነዚህ ክፍሎች ሠዓሊ የሚጫወትባቸው ባዶ ሰሌዳ አይደሉም። ዙፋኑና ካባውም ቢሆን ይሰለቻል አልልም፤ የእኔ የልጅ ልጆች ሜሪላንድ ተወልደው ካባ ምን እንደሆነ ያወቁት አንድነት ፓርክ ገብተው ነው።

ወይራ፦
ጋሼ፣ የናፖሊውን ልዑል ነገር እርስዎ ባያነሱት እኔ አላስታውሰውም ነበር። ጥያቄዬን ግን ያጠነክረዋል እንጂ አያፈርሰውም። ጣልያኖች ንጉሡን በ1946 በሕዝበ ውሳኔ አሰናበቱ፤ የቤተ ሰቡ ወንዶች እስከ 2002 አገሪቱ ውስጥ እንዳይገቡ በሕገ መንግሥት ተከለከሉ። ከዚያ ቤቱን የንጉሥ መታሰቢያ አላደረጉትም። ያ አካሄድ እንዴት ነው የመጣው የሚለው ነው የሚያስቀናኝ።

ኖራና ጭቃ፦
እዚህ ላይ ልግባ፤ የቆየ ሕንፃ ጥገና ሥራዬ ነው።

@ወይራ ሪቮሊን ሪፐብሊኩ አይደለም ከነገሥታቱ የወሰደው። የሪቮሊ ማዘጋጃ ቤት በ1883 ገዝቶታል፤ ሳቮያዎች ገና በዙፋን ላይ እያሉ። ከዚያ በኋላ የወታደር ሰፈር ሆነ፣ በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ተጎዳ፣ ከዚያ ለዓመታት ተረስቶ ውኃ እየገባበት ፈራረሰ። እና ማንም «ይህን ቅዱስ ቦታ አትንኩ» ሊል አልቻለም፤ ሥነ ጥበቡ የገባው ፍርስራሽ ውስጥ ነው። ክርክራችሁ ውስጥ የጎደለው ይህ ይመስለኛል።

ሁለተኛ ነገር፤ ቤቱ መጀመሪያውኑ ያላለቀ ነው። በ1693 የፈረንሳይ ጦር አቃጠለው። በ1718 ፊሊፖ ዩቫራ የሚባለው የዘመኑ ታላቅ አርክቴክት በጣም ግዙፍ ንድፍ አወጣለትና ከሐሳቡ ገሚሱ እንኳ ሳይሠራ ቀረ። ስለዚህ ዋናው ሕንፃ ከአንድ ጎኑ እንደ ተቆረጠ ዳቦ ነው፤ ጡቡ አፍጥጦ ይታያል፣ ሊመጣ የነበረው አዳራሽ መነሻው ብቻ ቆሟል።

አንድሬያ ብሩኖ የሚባለው አርክቴክት ሥራውን ከ1979 እስከ 1984 ሲመራ ሁለት የሚገፋፉ ምርጫዎች ነበሩት፦ ዩቫራ ያሰበውን መጨረስ፣ ወይም የተጀመረውን ማስተካከል። ሁለቱንም አላደረገም። ያልተሠራውን እንዳልተሠራ ተወው። የተቆረጠው ጎን እስከ ዛሬ ተቆርጦ ነው ያለው። አዲስ ያስገባው ነገር ሁሉ አዲስ መሆኑ በግልጽ ይታያል፦ የብረት ደረጃ ሰቀለ፣ ከላይኛው ፎቅ ከግድግዳው ወጥቶ አየር ላይ የተንጠለጠለ የመስታወት መመልከቻ አወጣ። የዩቫራን ጉልላታማ ጣሪያ ከላይ፣ ከጀርባው በኩል፣ የምታይበት መተላለፊያም ሠራ። ጣሪያን ከሥሩ ነው የምናደንቀው፤ እዚያ ግንበኛው ያየውን ሻካራ ጀርባ ታያለህ። ለእኔ ከፈረሱ ይልቅ ያ ይበልጣል፣ ግን ያው የሙያ በሽታ ነው።

ከዋናው ሕንፃ ፊት ለፊት ያለው ረጅሙ ክንፍ ደግሞ ሌላ ታሪክ ነው። 147 ሜትር ይረዝማል፣ ስፋቱ ጠባብ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ሲጀመር የታሰበው የቀዳማዊ ካርሎ ኤማኑኤሌ የሥዕል ስብስብ ሊቀመጥበት ነበር! በመካከሉ ወታደር ተኛበት፣ ተከፋፈለ፣ ተበላሸ። ብሩኖ ደረጃዎቹን ከግድግዳው ውጭ አድርጎ ውስጡን ከዳር እስከ ዳር ባዶ አደረገውና በ2000 ለኤግዚቢሽን ተከፈተ። ከሦስት መቶ ዓመት በላይ ዞሮ ዞሮ ወደ ተሠራበት ሥራ ተመለሰ ማለት ነው።

ስለዚህ ጋሼ ያሉት ትክክል ነው፣ በእኔ ምክንያት ግን። ሪቮሊ ሥነ ጥበብን የተቀበለው ባዶ ስለነበር ነው። የእኛዎቹ ሙሉ ናቸው። ሙሉ ቤት ውስጥ ለሥዕል ቦታ ለማግኘት አንድ ነገር ማውጣት አለብህ፤ ምኑን እንደምታወጣ የሚወስነው ደግሞ አርክቴክት አይደለም።

ዘበኛው፦
@ኖራና ጭቃ ያላለቀ ሕንፃ ከሆነ መስፈርቱ አዲስ አበባ ከዓለም አንደኛ ናት። ግማሹ ከተማ ለዘመናዊ ሥነ ጥበብ ዝግጁ ነው።

ቦስፎር፦
እኔ ኢስታንቡል ነኝ። እዚህ ተቃራኒው ሆኗል፤ ለክርክራችሁ ይጠቅማል ብዬ ነው።

ዶልማባህቼ የመጨረሻዎቹ የኦቶማን ሱልጣኖች ቤተ መንግሥት ነው፣ ባሕሩ ዳር። አታቱርክ በ1937 የአልጋ ወራሹ መኖሪያ የነበረውን ክንፍ ወስዶ የሥዕልና የቅርጻ ቅርጽ ሙዚየም አደረገው፤ ለአዲሲቱ ቱርክ ሠዓሊዎች። መልእክቱ ማንም የሚገባው ነው፤ አልጋ ወራሽ የለም፣ ወራሹ ሠዓሊው ነው። ግን ቤቱ የመኖሪያ ቤት ነው፣ ለሙዚየም አልተሠራም። ለብዙ ዓመታት ይዘጋል ይከፈታል ሲባል ኖረ። በመጨረሻ የዘመናዊ ሥዕሉ ስብስብ ወጣና በ2021 ወደቡ ላይ በነበረ የዕቃ መጋዘን ውስጥ ራሱን ችሎ ተከፈተ። የአልጋ ወራሹ ክንፍ ግን ከ2014 ጀምሮ ሙዚየም ነው፤ የሚያሳየው የራሱን የቤተ መንግሥቱን ሥዕሎች ነው። አይቫዞቭስኪ ለሱልጣኖቹ የሣላቸው የባሕር ሥዕሎች እዚያ አሉ።

ሁለቱንም ገብቼ አይቻለሁ። ቤቱ የራሱን ሥዕል ሲያገኝ አማረበት፤ ዘመናዊዎቹም መጋዘኑ ውስጥ ትንፋሽ አገኙ። ለአዲስ አበባ ቤተ መንግሥት ከምትለምኑ መጋዘን ብትለምኑ አይሻልም? ለገሃር አካባቢ የባቡሩ አሮጌ ሕንፃዎች አሉ አይደል እንዴ?

ሸራ ወጣሪ፦
የአለ ፈለገ ሰላም ሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት ልጅ ነኝ፤ ስለዚህ ገለልተኛ አይደለሁም።

መጀመሪያ ለማያውቁት፦ አዲስ አበባ ውስጥ ዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም የለም አትበሉ። ስድስት ኪሎ፣ በዩኒቨርሲቲው ሥር፣ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል አለ። ሐረር ተወልዶ፣ ኮሎኝ ተምሮ፣ ረቂቅ ሥዕልን አገራችን ያስገባ፣ «ጎልጎታ»ን የሣለ፣ በስደት ኦክላሆማ ውስጥ በ1981 ያረፈ ሠዓሊና ገጣሚ ነው። ጀርመን አገር የቀሩት ሥዕሎቹ በ2000 ዓ.ም. ተመልሰው የዚህ ማዕከል መነሻ ሆኑ። ስንቶቻችሁ ገብታችኋል? ከበሩ ፊት ለፊት ታክሲ የሚጠብቅ ሰው ሁሉ አንዴ ጎራ ቢል ይህ ክር አያስፈልገንም ነበር። ብሔራዊ ሙዚየምም ሉሲን ሊያይ የሚመጣው ሰው ፎቅ ላይ የአፈወርቅ ተክሌ ሥዕል እንዳለ ሳያውቅ ይመለሳል።

አሁን ወደ ዋናው። @ወይራ ሪቮሊን ፍለጋ ቶሪኖ ድረስ መሄድ አያስፈልግም፤ ገነተ ልዑል ደጃፍ ላይ የቆመ ነገር አለን። የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሕንፃ ፊት ለፊት ያለውን ጠመዝማዛ ደረጃ ታውቁታላችሁ። ፋሽስቶች ናቸው የሠሩት። 14 ደረጃ፦ ሙሶሊኒ ሮም ላይ ከወጣበት ከ1922 ጀምሮ ለእያንዳንዱ የሥልጣን ዓመት አንድ። ወደየትም አይወስድም፤ ሰማይ ላይ ያልቃል። ነጻነት ሲመለስ አላፈረሱትም። ጫፉ ላይ አንድ ትንሽ የይሁዳ አንበሳ አስቀመጡበት። በቃ። ሌላ ምንም አልነኩም።

እኔ አራት ዓመት ሙሉ በአጠገቡ እየተመላለስኩ ካለፍሁት በኋላ ነው የገባኝ፦ አዲስ አበባ ውስጥ ካለው ሁሉ ዘመናዊው የሥነ ጥበብ ሥራ እሱ ነው። ጠላት የሠራውን ዕቃ ሳይሰብሩ፣ አንድ ነገር ብቻ ጨምረው ትርጉሙን ገለበጡት። ካቴላን ፈረሱን ሲሰቅል ያደረገው ከዚህ ምን ይለያል? 14ቱ ዓመት ሁሉ ለአንበሳው መቀመጫ ሆነ። ስለዚህ ጋሼ፣ «ቤተ መንግሥታችን ውስጥ ሠዓሊ አይጫወትም» ሲሉ፣ ተጫውቶ አሸንፏል ነው የምልዎ።

የድሮ ሰው፦
@ሸራ ወጣሪ አይ ልጄ፣ በአፍህ ማር ይፍሰስ ልልህ ነበር፣ ግን ተው። አንበሳውን ያስቀመጡት ሰዎች «ሥነ ጥበብ እንሥራ» ብለው አይደለም። መልስ መስጠታቸው ነበር። ሠዓሊ ስሙን ይጽፋል፤ እዚያ ላይ የተጻፈ ስም የለም። ይህን ነገር ከጣሪያ ላይ ፈረስ ጋር አታወዳድርብኝ።

ሸራ ወጣሪ፦
ጋሼ፣ በድሮው ዘመን የአገራችን የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊም አብዛኛውን ጊዜ ስሙን አይጽፍም ነበር። ተቋሙ ሙዚየም ፎቁ ላይ የሰበሰባቸው ያ ሁሉ የማርያም ሥዕሎች ስም የላቸውም። ሥነ ጥበብ አይደሉም ልንል ነው?

የድሮ ሰው፦
አልወጣኝም። ሥዕለ አድኅኖ ለጸሎት ነው፣ አንበሳው ለመልስ ነው፣ ያንተ ፈረስ ግን ለምን እንደሆነ እስካሁን አልነገራችሁኝም። ንገሩኝና እከራከራለሁ።

ወይራ፦
እኔ የፈረሱ ጠበቃ አይደለሁም፤ ግን ሌላ ልንገርዎ። እዚያው ሪቮሊ የሚኬላንጄሎ ፒስቶሌቶ ሥራ አለ፣ የ1967። የቬኑስ ሐውልት ናት፣ ያቺ ሁልጊዜ በግሪክና በሮም ሙዚየም የምናያት ዓይነት ነጭ ሴት። ጀርባዋን ለእኛ ሰጥታ፣ ፊቷን ክምር ልብስ ውስጥ ቀብራ ቆማለች። ክምሩ ደግሞ ሰልባጅ ነው፤ የተለበሰ፣ የተጣለ፣ ቀለሙ የተደበላለቀ። በቁመቷ ይደርሳል።

የማስታምማቸው አዛውንት ሴት አብረውኝ ነበሩ። በወጣትነታቸው ፊያት ፋብሪካ ሠርተዋል። ቆም ብለው አይተው፣ «ይህን ልብስ ማን ያጥበዋል?» አሉ። እኔም ያሰብኩት እሱን ነበር። በንጉሥ ቤት ውስጥ፣ ያ ሁሉ ጌጥ ከላይ እያለ፣ የሁለት ሠራተኛ ሴቶች ጥያቄ ተገናኘ። ካባና ዙፋን ሳይ እንዲህ ብዬ አላውቅም፤ «አቤት ሀብት» ብዬ ነው የምወጣው። ለምን ይጠቅማል ላሉኝ፣ ለእኔ ለዚህ ነው የጠቀመኝ።

ዘበኛው፦
ሰልባጅ ከሆነ መርካቶ ያለ ቬኑስ ሞልቷል። (እቀልዳለሁ። የሴትዮዋ ጥያቄ ግን ጥሩ ነው፤ ይህን ክር ለእናቴ አነብላታለሁ።)

አወያይ፦
ከዚህ በላይ የነበሩ ሁለት አስተያየቶች ተሰርዘዋል። ስለ ቤተ መንግሥት ተነጋገሩ፤ ቤተ መንግሥት ውስጥ ስላለው ሰው ሌላ ክር አለ።

ጠመኔ፦
ዝም ብዬ ሳነብ ቆየሁ። አስተማሪ ነኝ። ተማሪዎች ይዘን ቤተ መንግሥት ስንሄድ የማየው ይህ ነው፦ ዕቃ ከመስታወት ጀርባ፣ ጽሑፍ ከዕቃው ሥር፣ «አትንኩ»። ልጆቹ መኪኖቹን ሲያዩ ደስ ይላቸዋል፣ ከዚያ ፎቶ፣ ከዚያ አውቶቡስ። ማንም ጥያቄ አይጠይቅም፤ መልሱ ሁሉ ተጽፎ ተቀምጧልና። አንድ ክፍል ብቻ፣ ለምሳሌ ግብር ይበላበት የነበረው አዳራሽ ውስጥ፣ አንድ የዛሬ ሠዓሊ ስለ ግብር የራሱን ነገር እንዲሠራ ቢፈቀድለት ልጆቹ ቢያንስ «ማን ነበር የሚበላው? ማን ነበር የሚያበስለው?» ይላሉ። ሙዚየም ይቀየር አላልኩም። አንድ ክፍል፣ ለስድስት ወር፣ ከዚያ ይነሣ።

የድሮ ሰው፦
@ጠመኔ ይህን እቀበላለሁ። የሚነሣ ከሆነ እቀበላለሁ። ተሰቅሎ የሚቀር ነገር ነው የሚያስፈራኝ። አረንጓዴው ሳሎንና የጃንሆይ መኝታ ቤት ግን አይነኩ። ያ በጥይት የተበሳው መስታወት ራሱ ይናገራል፤ ተርጓሚ አያሻውም።

ሸራ ወጣሪ፦
በዚያ ተስማምተናል ጋሼ። እኔም ሳሎኑን አልለምንም፤ የምለምነው መተላለፊያውን፣ ምድር ቤቱን፣ ግቢውን ነው። ሠዓሊ የተረሳ ጥግ ይወዳል።

@ቦስፎር የመጋዘኑን ሐሳብ ብዙ ጓደኞቼ ይደግፋሉ። እኔ ግን የሚያስቀናኝ ስፋቱ አይደለም። መጋዘን ውስጥ ስትገባ ለሥዕል ብለህ ነው የምትገባው፤ ሥዕል የሚወድ ብቻ ይመጣል። ቤተ መንግሥት ሁሉም ይገባል፣ ሥዕል አይቶ የማያውቀውም። ያንን ሰው ነው የምፈልገው።

ቦስፎር፦
ገባኝ። ግን ያ ሰው ለዙፋን ከፍሎ ገብቶ ሥዕል ሲያገኝ እንዳይናደድ።

ሸራ ወጣሪ፦
ይናደድ። ከማዛጋት ይሻላል።

ኖራና ጭቃ፦
እንግዲህ ሰላም ከወረደ የጠጋኙን ሒሳብ ላስቀምጥላችሁ። ሪቮሊ ውስጥ ፈረስ ከጣሪያ መስቀል የተቻለው ሕንፃው ከመሠረቱ እስከ ጣሪያው አንድ ጊዜ ተፈትሾ ስለተጠገነ ነው። የእኛ የዘመኑ ቤቶች ብዙዎቹ ድንጋይ፣ ጭቃ፣ ኖራና እንጨት ናቸው፤ ምኒልክ ግቢ ያሉት በተለይ። እንደዚያ ያለ ግድግዳ ምስማር አይወድም፤ አንዴ ስትመታው ልስኑ ከውስጥ ይላቀቃል፣ ከውጭ ግን ለዓመታት ምንም አይታይም። ስለዚህ ሥዕል የሚሰቀለው በግድግዳው ላይ መሆን የለበትም፤ በራሱ የሚቆም ሰሌዳ ከግድግዳው ራቅ ብሎ ይቆማል፣ አየርም ከኋላው ያልፋል። ከባድ ቅርጻ ቅርጽ ከሆነ የእንጨት ወለሉ ምን ያህል እንደሚሸከም ከሥር ተገብቶ ይታያል። ከፎቅ ይልቅ ምድር ቤት ይመረጣል፤ @ሸራ ወጣሪ ሳታውቀው ትክክለኛውን ቦታ ነው የለመንከው።

መብራቱ ሌላ ነው። ቤተ መንግሥት መስኮቱ ሰፊ ነው፤ የአዲስ አበባ ፀሐይ ከዚያ ከፍታ ላይ በወረቀት ላይ የተሠራን ሥራ በአጭር ጊዜ ያነጣዋል። መጋረጃ ወይም የፀሐይ ጨረር የሚያጣራ ልባስ ያስፈልጋል። ይህ ለጃንሆይ ካባም ያው ነው፤ ሐር ከቀለም በባሰ ይሞታል። ዙፋኑም ሥዕሉም አንድ ጠላት ነው ያላቸው።

በሙከራ መጀመር ካለበት እኔ የምመርጠው ትልቁን ቤተ መንግሥት አይደለም። መስቀል አደባባይ ዳር፣ የራስ ብሩ ወልደ ገብርኤል ቤት የነበረው፣ ዛሬ የአዲስ አበባ ሙዚየም ያለበት ቤት አለ። የመኳንንት ቤት ነው፣ ልኩ ለሰው ይበቃል፣ አውቶቡስ የሚጠብቅ ሕዝብ ከሥሩ ይተራመሳል፤ @ሸራ ወጣሪ የሚፈልገው ሰው እዚያ ነው ያለው። ሐረርም የራስ ተፈሪ ቤት የሚባለው የከተማው ሙዚየም ሆኖ አንድ የግል ሰብሳቢ የሰበሰበውን ቅርስ ይዟል፤ ማለት መንገዱ ተሞክሯል።

ዘበኛው፦
እና በመጀመሪያ ምን ይደረግ ትላለህ? አጭር አድርገው፣ ስብሰባ አለኝ።

ኖራና ጭቃ፦
አሸንዳ ይጠረግ። ክረምቱ ሳይገባ ጣሪያው ላይ ሰው ይውጣና የተበሳ ቆርቆሮ፣ የደፈነ አሸንዳ፣ ግድግዳ ሥር የሚጠራቀም ውኃ ይታይ። ሪቮሊን ለሠላሳና ለአርባ ዓመት የበላው ቦምቡ ሳይሆን ከቦምቡ በኋላ የገባው ዝናብ ነው። ሠዓሊው ከመስከረም በኋላ ይግባ።

ሸራ ወጣሪ፦
መሰላል የሚያውስ ካለ እኔ ቅዳሜ ነጻ ነኝ።